ከአቃቂ ሬዲዮ እስከ ሚሌኒየም አዳራሽ፦ ሳይመጣ የቀረው ጉባኤ

የዛሬዋ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር የፈረንጅ ናቸው።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «መምህር፣ ኢንፎርሜሽን ቲዎሪ ሲያስተምሩን ለምን ነበር ሁልጊዜ ከአቃቂ የሚጀምሩት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰፈሬ ስለሆነ ብቻ የመሰላችሁ ብዙ እንደነበራችሁ አውቃለሁ። እሱም አለበት፤ አልክድም። ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። መልሱ በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው አልኩ።

አቃቂ ዛሬ ለብዙ ሰው የፋብሪካ፣ የጭነት መኪናና የአቧራ ሰፈር ነው። ወሬ ወደ አዲስ አበባ የሚገባበትና የሚወጣበት በር እንደነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1915 አቃቂ ሲደርስ ዋና ከተማዋ ለመድረስ ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የቀረው። ያቺን ለመጨረስ ግን ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከባሕር የመጣ ዕቃም ደብዳቤም እዚችው አቃቂ ይራገፍ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ሬዲዮው መጣ። በ1931 አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ አቃቂ ላይ የሽቦ አልባ ጣቢያ ሊሠራ ተዋዋለና በ1935 ሥራው አለቀ። ቀኑን ልብ በሉልኝ። የጣሊያን መሐንዲሶች ጣቢያውን እያጠናቀቁ የጣሊያን መርከቦች ደግሞ በምጽዋ ወታደር ያራግፉ ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ወረራው ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም ሕዝብ በሬዲዮ ንግግር አደረጉ፤ አሜሪካ ድረስ ተሰማ። ጣሊያን የሠራው ጣቢያ ጣሊያንን መክሰሻ ሆነ። ይህችን ነገር ክፍል ውስጥ ሳነሳ ሁሌ ሳቅ ይነሳ ነበር፤ እኔ ግን የማነሳው ለሳቅ አልነበረም። ማሽኑ የሚያስተላልፈውን አይመርጥም። ትርጉሙ የሰው ጉዳይ ነው፤ የማሽኑ ጉዳይ ምልክቱን ሳይበላሽ ማድረስ ብቻ ነው። ከዚያ 13 ዓመት ቆይቶ አንድ አሜሪካዊ ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ ሙሉ ሳይንስ አቆመበት። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ቴሌግራም ላውራችሁ፤ ጨዋታውም እዚያ ነው። በ1935 አዲስ አበባ በውጭ ጋዜጠኛ ተጥለቅልቃ ነበር። ሁሉም ወሬውን የሚልከው በቴሌግራም ሲሆን ሂሳቡ በቃል ነው። አንድ ቃል በጨመርክ ቁጥር ገንዘብ ትጨምራለህ። ስለዚህ ጋዜጠኞቹ የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ። ሁለት ቃል አጣብቀው አንድ ያደርጋሉ፣ የእንግሊዝኛውን አፍራሽ ቅጥያ ከፊት ሰክተው «አይደለም» የሚለውን ቃል ይቆጥባሉ። ከእነሱ አንዱ ለአንድ የለንደን ጋዜጣ የሚጽፈው ደራሲው ኤቭሊን ዎ ነበር። አድዋ ላይ በቦምብ ሞተች የተባለችውን አሜሪካዊት ነርስ ታሪክ ከነፎቶዋ በአስቸኳይ ላክ የሚል ትእዛዝ ከአለቆቹ ደረሰው። ሰውየው ጠየቀ፣ አጣራ፤ እንዲህ ያለች ነርስ አልነበረችም። የላከው መልስ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ በአማርኛ ስናስጠጋው «ነርሷ አልፈነዳችም» እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። እንግሊዛዊው ሰዋስው ጥሶ፣ ቃል አጣሞ ያገኘውን ቁጠባ አማርኛ በተፈጥሮው ይዞታል። «አልፈነዳችም» አንድ ቃል ነው። «አልነገርኳችሁም» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው አምስት ይፈልጋል። በቃል ለሚከፈል ቴሌግራም እንደ አማርኛ ያለ ርካሽ ቋንቋ የት ይገኛል! ችግሩ፣ ዓለም አቀፉ ቴሌግራም የሚሄደው በላቲን ፊደል ነው፤ ደንቡ ደግሞ አንድ ቃል ከ15 ፊደል ከበለጠ እንደ ሁለት ይቆጠራል ይላል። «አልነገርኳችሁም»ን በላቲን ስጽፈው 16 ይመጣልኛል። በአንዲት ፊደል! ደንቡን ያወጡት ሰዎች ስለ አማርኛ ክፉ አስበው አይደለም። ጭራሽ አላሰቡትም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የዎ ሌላኛዋ ታሪክ ደግሞ ለትምህርቱ የበለጠ ትጠቅማለች። የጣሊያኑ ሚኒስትር ከአዲስ አበባ ሊወጣ መሆኑን ከሌሎቹ ቀድሞ ሰማ። ትልቅ ወሬ ነው፤ የጦርነት ምልክት ነው። በመንገድ ላይ ሌላ ሰው አንብቦ እንዳይቀድመው ቴሌግራሙን በላቲን ቋንቋ ጻፈው። ለንደን ያሉት አዘጋጆች የደረሳቸውን ሲያዩ የተበላሸ ነገር መሰላቸውና ጣሉት ይባላል። ቁልፉን ለማያውቅ ተቀባይ ምሥጢርና ረብሻ አንድ ናቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰውየው። ክላውድ ሻነን ይባላል፤ ቤል ላብራቶሪ የሚሠራ የሂሳብ ሰውና መሐንዲስ። በ1948 ያሳተመው ጽሑፍ በሁለት ወር እትም፣ በሐምሌና በጥቅምት፣ ተከፍሎ ወጣ። ሐሳቡን በታክሲ ልንገራችሁ። ስታዲየም ቆማችሁ ረዳቱ «ቃሊቲ! ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይላል። ለምን ሦስቴ? ጡሩምባው፣ ሌላው ረዳት፣ ሱቅ በደረቴው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አለ። አንዱ ቢዋጥ ሌላው ይደርሳል። ረብሻን በድግግሞሽ ማሸነፍ ይህ ነው፤ ዋጋው ግን አንድ ቃል ለማድረስ የሦስት ቃል ጊዜ መክፈል ነው። ከሻነን በፊት የነበሩ መሐንዲሶችም እንደ ረዳቱ ነበር የሚያስቡት፦ ስሕተት እንዲቀንስ ከፈለግህ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ጨርሶ እንዲጠፋ ከፈለግህ ፍጥነትህ ወደ ዜሮ ይውረድ። ሻነን አይደለም አለ። እያንዳንዱ መስመር የራሱ የሆነ አቅም አለው፤ ከዚያ አቅም በታች እስከሆንክ ድረስ፣ በብልኀት ካሰናዳኸው፣ ስሕተቱን የፈለግኸውን ያህል ማሳነስ ትችላለህ፤ ፍጥነትህም አይሞትም። ብልኀቱ ምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። መኖሩን ብቻ አረጋግጦ ሄደ። የሚቀጥሉት 60 ዓመታት ያቺን ብልኀት ፍለጋ ናቸው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

መለኪያው ቢት ነው። እኩል ዕድል ላላቸው «አዎ» እና «አይ» መልሱ አንድ ቢት ነው። መልሱን አስቀድመህ የምታውቀው ከሆነ ደግሞ ዜሮ ነው። «ደህና ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ስንባባል የተላለፈው ኢንፎርሜሽን በሻነን ሂሳብ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ግን አንድ ቀን ብንተወው ምን እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው ሻነን «ትርጉም የኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ የለየው።

ጽሑፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1950፣ ለንደን ላይ በዚህ ሳይንስ ዙሪያ የመጀመሪያው ሲምፖዚየም ተካሄደ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኤም አይ ቲ በ1954 እና በ1956 አስተናገደ። የ1956ቱን ቀን አጥብቄ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ቀን ሴፕቴምበር 11 ነበር። በዚያ አንድ ቀን አለን ኒውዌልና ኸርበርት ሳይመን የሎጂክ ማረጋገጫ የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም አቀረቡ፤ ኖም ቾምስኪ የሚባል የ27 ዓመት ወጣት የሰው ቋንቋ በሻነን ዓይነት የቃል ሰንሰለት ብቻ እንደማይገለጽ ተከራከረ፤ ጆርጅ ሚለር ደግሞ የሰው አእምሮ በአንዴ ሰባት ያህል ነገር እንደሚይዝ ተናገረ። ሚለር ኋላ ላይ የኮግኒቲቭ ሳይንስ የልደት ቀን ያችው ናት ብሏል። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱት መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው። እንቁጣጣሽ! እዚያ የማሽን አስተሳሰብ ሲወለድ እዚህ ልጆች አበባ ይዘው በየደጁ ይዘፍኑ ነበር። (ሰባት ቤት ያለው ፊደል ያለን ሰዎች ስለ ሚለር ሰባት ቁጥር አስተያየት ሳንሰጥ መቅረታችን ይቆጨኛል፤ ቀልዴን ነው።)

እኛ ያኔ የት ነበርን? ብዙም ሩቅ አልነበርንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተከፍቷል፤ ለንደን በተሰበሰበበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። የምህንድስና ኮሌጁ በ1952፣ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርዱም በ1952 ተቋቋመ። ሰው እየሠለጠነ፣ መስመር እየተዘረጋ ነበር። ታሪካችንን ሁሌ «ዘግይተን» በሚል ቃል የሚጀምሩ ሰዎች ይህን ሰሌዳ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ጉባኤው እያደገ በየዓመቱ አገር የሚቀያይር ሆነ። በ1973 በእስራኤል አሽቀሎን በተደረገው ላይ በሻነን ስም የተሰየመውን የመጀመሪያ ንግግር ሻነን ራሱ አቀረበ። በ1985 እንግሊዝ ብራይተን ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠብቀው ሽበታም ሰውዬ ሆኖ አዳራሹ ውስጥ ብቅ አለ። እሱ ነው፣ እሱ አይደለም እየተባለ ወሬው ተዛመተ። በእራት ግብዣው ላይ እንዲናገር ሲያስነሱት ጥቂት ተናገረና ሰዉ እንዳይሰለች ፈርቶ ከኪሱ ሦስት ኳስ አውጥቶ እያፈራረቀ ወደ ላይ መወርወር ጀመረ። ጉባኤተኛው በጭብጨባ አዳራሹን አናጋው። ወረፋ ሠርተው ያስፈረሙት ነበሩ፤ የሊቃውንት ወረፋ!

ከዚያ በኋላ ያሉትን ከተሞች ቁጠሩ፦ ሎዛን፣ ዮኮሃማ፣ ቺካጎ፣ አደሌድ፣ ሲያትል፣ ኒስ፣ ቶሮንቶ፣ ሴኡል፣ ኢስታንቡል፣ ሆንግ ኮንግ፣ ባርሴሎና፣ ፓሪስ፣ ታይፔ፣ አቴንስ። የአፍሪካ ከተማ ፈልጌ አላገኘሁም። «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ሂሳብ አገር የለውም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሂሳብ አገር የለውም፤ የሂሳብ ሰው ግን ፓስፖርት አለው።

ቶሮንቶን ለምን እንደማነሳ ልንገራችሁ። በ2008 እዚያ አንካራ ቢልከንት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ኤርዳል አሪካን የሚባል ቱርካዊ «ፖላር ኮድ» የሚለውን ሥራውን አቀረበ። ሻነን መኖሯን ብቻ የነገረንን ብልኀት ይኸው ሲሉ ብዙዎች ሞክረዋል፤ የአሪካን ግን የመስመሩን አቅም እንደሚደርስ በሂሳብ የተረጋገጠ፣ ሊሠራበትም የሚቻል ነበር። ሰውየው በ1985 ኤም አይ ቲ ዶክትሬቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ለብዙ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ አንድ ጥያቄ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ የ5ጂ ስልክ ከአንቴናው ጋር የሚነጋገርባቸው የቁጥጥር መልእክቶች በዚህ ኮድ ይሄዳሉ። በ2022 አዲስ አበባ 5ጂ ሲጀመር ያ የአንካራ መምህር ሥራ አብሮ ገባ ማለት ነው። በ2019 ፓሪስ ላይ የሻነንን ሽልማት ተቀበለ። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ የምነግረው አንካራ ኤም አይ ቲ ስላልሆነች ነው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። የፊደላችን ነገር።

ዋናዎቹ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ሁሉም እኩል ዕድል ቢኖራቸው አንድ ፊደል ወደ 7.85 ቢት ይይዛል። ከ26 የእንግሊዝኛ ፊደላት አንዷ 4.7 ያህል ነው የምትይዘው። አካፍሉት፤ 1.67 ይመጣል። «ሰላም»ን ውሰዱ፦ በእኛ ሦስት፣ በላቲን አምስት። አምስት ለሦስት ሲካፈል 1.67! አንድ ቃል ማስረጃ አይሆንም፣ አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ፊደላችን ሰነፍ አይደለም። በአንድ ሳጥን ብዙ ያጭቃል።

ስልካችሁ ግን እንዲህ አያስብም። አጭር መልእክት ወይም ኤስኤምኤስ 140 ባይት ነው፤ 1120 ቢት። ደረጃውን ያወጡት አውሮፓውያን ለራሳቸው ፊደላት ሰባት ሰባት ቢት መድበው 160 ፊደል አስገቡ። ከዚያ ሰሌዳ ውጭ የሆነ ሁሉ 16 ቢት ይከፍላል፤ ስለዚህ በአማርኛ 70 ፊደል ብቻ። 70ን በ1.67 ስታባዙ ወደ 117 የላቲን ፊደል ያህል ነው፤ ከ160ው ሩቡን አጥተናል። እና ያጣነው በፊደሉ ብዛት አይደለም። 231 ከ256 ያንሳል! በስምንት ቢት ይገባ ነበር፤ እነ ቋን፣ እነ ሏን፣ ነጠብጣቡን ስትጨምሩ ይጠባል እንጂ ትንሽ ብልኀት ያለው ሰው አያቅተውም። ያኔ በአንድ መልእክት 140 ፊደል እንልክ ነበር፤ ከእንግሊዝኛው በላይ እናወራበት ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ለዚያም ብዙ ኢትዮጵያውያን ደክመዋል። በዛሬው ኢንተርኔት አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የእንግሊዝኛው አንድ። አማርኛን በላቲን እየጻፈ ያደገ ትውልድ አለን፤ «ቋንቋውን ናቀ» እያልን የምንቆጣው። ልጁ ቋንቋውን አልናቀም፤ ሂሳብ ሠራ።

አሁን ደግሞ የቋንቋ ማሽኖቹ መጡ። ጽሑፍን ቆራርጠው ነው የሚበሉት፤ ክፍያውም በቁራሽ ነው። መቁረጫው የተሳለው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተመሳሳይ ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ በብዙ ይበልጣል። የ1935ቱ የቴሌግራም ሂሳብ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ የ15 ፊደሉ ደንብ ስሙን ቀይሮ።

ለዚህ ነው የ2012 ዓ.ም. ነገር እስካሁን የሚያንገበግበኝ። አይ ሲ ኤል አር የሚባለው ዓመታዊ ጉባኤ በ2013 የተጀመረ፣ ማሽን ከመረጃ እንዴት እንደሚማር የሚመረመርበት፣ የሻነን የልጅ ልጅ የሆነ ጉባኤ ነው። በ2018 ሞንትሪያል በተደረገ ሌላ ትልቅ ጉባኤ ላይ ከአፍሪካ የተጋበዙ በርካታ ተመራማሪዎች ቪዛ ተከለከሉ። ብዙዎቹ «ብላክ ኢን ኤአይ» በሚለው ማኅበር በኩል የሚመጡ ነበሩ፤ ማኅበሩን ካቋቋሙት ውስጥ ሁለቱ፣ ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ፣ አዲስ አበባ የተወለዱ ናቸው። የአይ ሲ ኤል አር መሥራች ዮሹዋ ቤንጂዮ የ2020ው ጉባኤ ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄድ ተናገረ። ሰዎቹ ወደ ጉባኤው መግባት ካልቻሉ ጉባኤው ወደ ሰዎቹ ይሂድ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ቀኑም ተቆረጠ፦ ከሚያዝያ 18 እስከ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሚሌኒየም አዳራሽ። በዚህ ዘርፍ ካሉት ታላላቅ ጉባኤዎች አፍሪካ ላይ ሲደረግ የመጀመሪያው ሊሆን ነው። ያስተማርኳቸው ልጆች እንዴት እንደሆኑ አልነግራችሁም። አንዱ ከዚያ በፊት ጽሑፉ ሌላ አገር ጉባኤ ላይ ተቀባይነት አግኝቶ አንድ ኤምባሲ «ለመመለስህ ማረጋገጫ የለህም» ብሎ መልሶታል። አሁን ከቃሊቲ በቀላል ባቡር ስታዲየም ወርዶ፣ ከዚያ በታክሲ ቦሌ፤ ዓለም ፊቱ ሊቀመጥ ነው። ካርታውን በስልኩ ያሳየኝ ነበር። ቪዛ የማይጠየቅበት ጉባኤ!

በማርች 2020 አዘጋጆቹ በአካል የሚደረገው መሰረዙን አስታወቁ። እኛ አገር የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ተገኘ፤ በመጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ማንንም መውቀስ አይቻልም። ጉባኤው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ሆነ፤ ለአፍሪካ ቋንቋዎች የተዘጋጀው ዐውደ ጥናትም እንዲሁ። ተሳታፊው ከቀድሞው ሁሉ በለጠ ተባለ፤ የሰማሁትን አልጠራጠርም። ልጁ ግን ጉባኤውን በሞባይል ዳታ ነው የተከታተለው፤ ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ፣ ካርድ እየሞላ። ስለ መስመር አቅም ክፍል ውስጥ የተማረውን በገዛ ኪሱ ደገመው። ሁለት ወር ቆይቶ ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሳምንታት ፈጀ። ጉባኤው በዚያ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁና እተወዋለሁ።

ጉባኤው ወደ አፍሪካ በአካል የመጣው በሜይ 2023 ነው፤ ኪጋሊ። አገሯ ተዘጋጀችበት፣ አስተናገደችው፤ ይገባታልም። ልጁ ኪጋሊ ሄዷል፤ ፎቶውን ሲልክልኝ ከጎኑ ያሉት ልጆች ከናይጄሪያ፣ ከኬንያና ከሩዋንዳ ነበሩ። ምን ተማርክ ብዬ ብጠይቀው ስለ ጽሑፎቹ ሳይሆን በሻይ ሰዓት ስላገኘው ሰው ነገረኝ፤ ለግእዝ ፊደል የሚሆን መቁረጫ አብረው እየሠሩ ነው። የሻይ ሰዓት በኢንተርኔት አይላክም። ከ1950 ጀምሮ ሰዎች ጽሑፉን በፖስታ ማግኘት እየቻሉ ውቅያኖስ እያቋረጡ የሚሰበሰቡት ለዚህ ይመስለኛል።

ለጠያቂዬ መልሴ ይኸው። አንድ ልመና አለኝ፦ አቃቂ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ፣ ወይ ወላጅ አያቶቻችሁ በሽቦ አልባው ጣቢያ፣ በባቡር ጣቢያው ቴሌግራፍ ወይም በቴሌ የሠሩ ካላችሁ ፎቶም ይሁን ትዝታ ላኩልኝ። በተለይ አማርኛ ቴሌግራም በላቲን ፊደል ተጽፎ የደረሳችሁና ወረቀቱን ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ማየት እፈልጋለሁ። ቃላቱን ልቆጥራቸው ነው።